ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር፣ ከጋሼና ከሁለት ከመነዳሪ ጋር

ነገሩ የጀመረው በወንድሜ ስልክ ነው። ታናሽ ወንድሜ ራት ከተበላ በኋላ የሰው አገር ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚያመሸው። አንድ ቀን የሆነ የባህር ዳር መናፈሻ አሳየን። ድንኳኖች ሣር ላይ ተደርድረዋል፣ ልጆች በትናንሽ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ አንዱ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል ይጋልባል፣ ከውሃ የወጣው ሁሉ ደጅ በተተከለ ሻወር አሸዋውን ያራግፋል። "ባህር ለሌለው ሰው ይሄን ማሳየት ግፍ ነው" ብሎ ስልኩን ደፋው።

ጋሼ ጥግ ላይ ቶናቸውን እየጠጡ ነበር። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። "ባህሩን ተወው። ሐይቅ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አሉት።

ዝም አልን። ሐይቅ የምንለው እዚሁ ወሎ ያለችውን ከተማና አጠገቧ ያለውን ውሃ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ገደማ። ተደምሮ ሃምሳ ምናምን። እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ሐይቅን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም፣ ግን ሁልጊዜ ወይ ከመኪና መስኮት ነው ወይ ሰርግ አጅቤ ሄጄ ለፎቶ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው። እግሬን እንኳ ነክሬ አላውቅም። መዋኘትማ ጭራሽ።

እናቴ ስትሰማ "ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ልታድር?" አለች። ቀጥላ "ጋሼ ካሉ ሂዱ" አለች። ጋሼ አሉ። እንዲህ ሆነና አራት ሆነን ተነሳን፦ እኔ፣ ወንድሜ፣ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ እና ጋሼ።

ዓርብ

ጥቅምት አጋማሽ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ይገባል። ድንኳኖቹን የተዋስነው አዲስ አበባ ካለ የወንድሜ ጓደኛ ነው፣ በሚኒባስ ሾፌር ላከልን። ሁለት ናቸው። አንዱ "ለአራት ሰው" ይላል። አራት ሰው የተባለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንጃ፣ ሁለት ሰውና ሁለት ጋቢ ሲገባበት ሞልቷል።

ጋሼ የመኝታ ከረጢት አሳይተናቸው ሳቁ። "ይሄ ለሬሳ ነው፣ እኔ ጋቢዬ ይበቃኛል" አሉ። የሳቸው ዕቃ ሌላ ነው። ጎሚስታ ቤት ሄደው የከባድ መኪና ጎማ ከመነዳሪ ሁለት ይዘው መጡ። አሮጌ ናቸው፣ አንዱ ሦስት ቦታ ተለጥፏል። "ለምን?" ስንል "ባህራችሁ ውስጥ በምን ልትንሳፈፉ ነው?" አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ወጣን። ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ፣ ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነስቶ ደሴ እስኪደርስ ወደ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚጠመዘዝ መንገድ ነው፣ ግማሹ ላይ ሲደረስ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ወደ ኋላ ዞር ሲሉ ፋብሪካዎቹና የቦርከና ዳር ማሳዎች መዳፍ ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ጋሼ የሾፌሩ አጠገብ ነበሩ። አፋቸው አላረፈም። "ማርሽ ቀንስ ልጄ... አሁን ቀንስ... ፍሬን አትመን።" ልጁ ጨዋ ነው፣ "እሺ አባባ" እያለ እንደፈለገ ነዳ።

ያደርነው ደሴ፣ ሆጤ፣ አክስቴ ቤት ነው። የጦሳን ተራራ አናቱን ጉም ሸፍኖታል፣ ኮምቦልቻ በቲሸርት የወጣነው ሰዎች እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ገባን። አክስቴ ድንኳኑን አይታ "ቤት ተነፍጋችሁ ነው?" አለች። ወንድሜ ለዚህ መልስ ነበረው፦ "ደሴ ራሷ በድንኳን አይደል እንዴ የተጀመረችው?" እውነቱን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ በ1882 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያ ትልቁ ጅራታም ኮከብ ሰማይ ላይ ታያቸው፣ ደስ ብሏቸው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። አክስቴ ግን አልተረታችም። "ንጉሥ ጠባቂ አለው፣ እናንተ ማን አላችሁ?" አለችና ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶና አንድ ጠርሙስ ዳጣ ጠቀለለችልን። እሷ ባትኖር ሁለተኛው ቀን ላይ ተርበን እንመለስ ነበር። ከቤት ክብሪት እንኳ አልያዝንም ነበር፣ እሱንም እሷ ናት ያስታወሰችን።

ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል መናኸሪያ። ረዳቱ ከመነዳሪዎቹን አይቶ "ይሄ እንደ ሰው ነው የሚከፍለው" አለ። ሳንነፋቸው አጣጥፈን ብንይዝ ኖሮ ማንም አይናገረንም ነበር፣ ጋሼ ግን ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ለማየት ሌሊቱን ነፍተው አሳድረዋቸው ነበር፣ ጠዋት ደግሞ አላስተነፍስም አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ የአንድ ሰው ሂሳብ ከፍለን ጣሪያ ላይ ታሰሩ።

ሐይቅ ከተማ ከውሃው በስተምዕራብ ነው ያለችው። ከዋናው መንገድ ወርደን ባጃጅ ይዘን ሄድን። ዛፎቹ ገለል ሲሉ ውሃው ድንገት ይመጣል። ጓደኛዬ "ሱብሃነላህ" አለች፣ እኔ ዝም አልኩ። ጠዋት ነፋስ የለም፣ ውሃው ላይ ተራራው ቁልቁል ተቀምጧል፣ ባሕር ዛፎቹ ሁሉ እግራቸው ወደ ላይ ነው።

ቦታ ያገኘነው ውሃ ዳር ሣር ያለው ማሳ ካላቸው ገበሬ ነው። ለሁለት ሌሊት ትንሽ ብር ተስማማን፣ ልጃቸው ማታ ማታ ሊጠብቀን። ከዚያ በፊት የዳርቻ መዝናኛ የሚባል አንድ ቦታ ጠይቀን ነበር፣ ድንኳን ለመትከል የጠየቁን ሂሳብ ከአልጋ ይበልጣል፣ ሽንት ቤቱም ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቷል ተባልን። ከገበሬው ጋር መስማማት ይሻላል። ሰላምታው አያልቅም እንጂ ሂሳቡ በአንድ ቃል ያልቃል።

ድንኳን ተከላው ቪዲዮ ላይ እንደሚታየው አይደለም። ሣሩ ከላይ ነው፣ ከሥሩ ኮረት ነው። ሦስት ካስማ እንደ ሽቦ ተጣመመብን። ወንድሜ በድንጋይ ይቀጠቅጣል፣ እኔ እይዛለሁ፣ ጓደኛዬ የመመሪያውን ሥዕል ታገላብጣለች። ጋሼ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ አዩን፣ አዩን፣ በመጨረሻ ተነሱ። ካስማውን ወደዚያ ጣሉት። ጭንቅላት የሚያክሉ ድንጋዮች አስመጡ፣ ገመዱን ድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አሾልከው፣ በጉልበታቸው ድንጋዩን ገፍተው ሳቡት። ድንኳኑ ቀጥ አለ። "አሰብ ድረስ ሸራ ሲያወልቅ ያላየሁት ነፋስ የለም። ካስማ ይነቀላል፣ ቋጠሮ ግን አይነቀልም" አሉ። የጭነት ሸራ የሚታሰርበት ቋጠሮ ነው። ያን ቀን ተማርኩት፣ አሁንም እቤት ውስጥ የልብስ ገመድ ላይ እለማመደዋለሁ።

ውሃ ከመግባታችን በፊት ጓደኛዬ የነርስነቷን ነገር አመጣች። ሐይቅና አካባቢዋ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ ቀንድ አውጣው ደግሞ የረጋና ቄጠማ የበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወዳል፣ እዚያ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳው ላይ ሳይታወቀው ይገባበታል። "ስለዚህ ቄጠማው ውስጥ አትንቦጫረቁ፣ ወንዙ በሚገባበት በኩል አትግቡ፣ ስትወጡ ቶሎ በፎጣ ተጠራረጉ፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሁላችሁም ሰገራ ትመረመራላችሁ። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል አለ፣ ያድናል" አለች። ወንድሜ "መዝናናቱን ገደልሽው" አላት። እኔ ግን ይሄን የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ነው የገረመኝ፣ ሐይቅ የሄደ ሁሉ ስለ አሳው ነው የሚያወራው።

ሌላው ጥልቀቱ ነው። ይሄ ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጣና ጋር ሲተያይ ኩሬ በሉት። ጥልቅ ቦታው ግን 88 ሜትር ይደርሳል። ጣና ያን ሁሉ ስፋት ይዞ በጥልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። ማለት ሐይቅ እንደ ትሪ ሳይሆን እንደ እንስራ ነው፣ ዳር ዳሩን ትንሽ ተራምደህ ድንገት እግርህ መሬት ያጣል። ጀልባ ካለው ልጅ ሁለት ላይፍ ጃኬት ተከራየን። አንዱ ማሰሪያው ተበጥሷል፣ ጋሼ በገመድ አሠሩት።

እና ገባን። እኔ በታይትና በወንድሜ ሰፊ ቲሸርት፣ ጓደኛዬ ከነሂጃቧ። ዳር ላይ በግ የሚጠብቁ ልጆች ተሰብስበው ሊሞቱ ሳቁ። ሴት ስትዋኝ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ በርግጥ እኔም እየዋኘሁ አልነበረም፣ ከመነዳሪ ውስጥ ተቀምጬ በእጄ ውሃ እየጠፈጠፍኩ አንድ ቦታ ስሽከረከር ነበር። ውሃው መጀመሪያ ሆድ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይነሳል፣ ከዚያ ይለመዳል። ከመነዳሪው ፀሐይ ሲመታው ጥቁር ስለሆነ ያቃጥላል፣ ውሃ እየረጩ ነው የሚቀመጡበት። ይሄን ቪዲዮው አልነገረንም።

ስምንት ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳ። ጋሼ ጠዋቱኑ ነግረውን ነበር፦ "ውሃ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነቃል። ከሰዓት በኋላ ከዳር አትራቁ።" እኛ ወጥተን ነበር፣ የከመነዳሪውን ነገር ግን ለወንድሜ ትተነው ወንድሜ ደግሞ ምሳ በልቶ ተኛ። ስንነቃ የለም። ትንሽ ቆይቶ መሃል ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ታየን። ሦስት ቦታ የተለጠፈው ነው። እየተንከባለለ ወደ ማዶ ይሄዳል። ወንድሜ ልግባ ብሎ ቲሸርቱን ሲያወልቅ ጋሼ ክንዱን ያዙት። "ለጎማ ብዬ ልጅ አልሰጥም" አሉ፣ በዚህ ጉዞ ድምፃቸው ከፍ ያለው ያኔ ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ አንድ አሳ አጥማጅ በታንኳው ከኋላ አስሮ እየጎተተ አመጣልን። "የማነው ይሄ ዘንዶ?" አለ። ሻይ አፍልተን ሰጠነው፣ አሳም ገዛነው። ቀረሶ ነው፣ ቲላፒያ የሚባለው። ጓደኛዬ ጋር አሰላሙ አለይኩም ተባብለው ወዲያው የዘመድ ወሬ ጀመሩ፣ ባለቤቱን ያዋለደቻት እሷ የምታውቃት ነርስ ሆና ተገኘች። ወሎ እንዲህ ነው፣ ሁለት ሰው ሦስት ደቂቃ ካወሩ የጋራ ሰው ይገኛል።

አሳው ጥሩ ምግብ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሷ ሙስሊም ናት፣ ሥጋ ቢሆን ኖሮ ሁለት ድስት ያስፈልገን ነበር። አሳ ግን ባራኪ አይፈልግም። ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ፋቅነው፣ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ፀጉራችን ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ጎንና ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገን ጨው አሸነው፣ የፈላ ዘይት ውስጥ ስንጨምረው ጅራቱ ወደ ላይ እጥፍ አለ። በአክስቴ ዳጣና በድፎ ዳቦ ከአንድ ትሪ በላን። ከዚያ በኋላ ቡና። ጀባ ተባለ፣ ጎረቤቱ ገበሬና ልጃቸውም መጡ።

ማታ ነው ጋሼ ስለ አሰብ ያወሩት። ያኔ የአሰብ መንገድ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ነበር የሚወርደው። ወደ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። በኤንትሬ ከባድ መኪና ሲሄዱ ከባቲ በታች ሙቀቱ ሞተሩንም ሰውንም ስለሚያፈላ ሌሊት ሌሊት ነበር የሚነዱት። ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሳቸው ቀናት ይጠብቃሉ። "ሥራ የለ፣ ጥላ የለ፣ ታዲያ የት ትገቢያለሽ? ባህር ውስጥ ነዋ" አሉኝ። ዋና የተማሩት እንደዚያ ነው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ አንድ የአሰብ ልጅ አስተምሯቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። "ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?" አልኳቸው። አሰቡ። "ሻወር" አሉ።

ብርዱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። የመኝታ ከረጢቴ ዚፕ ግማሽ ላይ ተነክሶ ቀረ። ጋሼ በጋቢያቸው ውስጥ እያንኮራፉ ነበር።

እሁድ

ጠዋት ቀድሜ ተነሳሁ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነች ትንሽ ወፍ ውሃው ላይ አንድ ቦታ ክንፏን እያርገበገበች ቆመች፣ ሰማይ ላይ በክር የተንጠለጠለች ይመስል። ከዚያ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ወጣች፣ አፏ ባዶ ነው። እንደገና። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ በስድስተኛው ያዘች። ቅርንጫፍ ላይ ሄዳ አሳዋን እንጨቱ ላይ ታላትመው ጀመር፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እስኪሞት። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ረፋድ ላይ በጀልባ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ እንደተማሩ ይነገራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት፣ ሥዕላቸውም ያለበት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። የገዳሙ አበምኔት "ዐቃቤ ሰዓት" ተብለው በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበራቸው ዘመን ነበር። አሁን መሬቱ ከዳር ጋር የተያያዘ ነው፣ ድሮ ግን ደሴት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520ዎቹ የመጣው አልቫሬዝ የሚባል ፖርቹጋላዊ ቄስ ሰዎች በቄጠማ ተሠርቶ ቅል በታሰረበት መንሳፈፊያ ይሻገሩ እንደነበር ጽፏል። ቅል የዚያ ዘመን ከመነዳሪ መሆኑ ነው። ጉማሬም ነበር ይላል፣ ጉማሬውስ እንኳን ቀረ።

ሴት አይገባም። ጋሼና ወንድሜ ገቡ፣ እኔና ጓደኛዬ ደጅ ዛፍ ሥር ቀረን። ውሃ ቀድታ ያረፈች አንዲት እናት አጠገባችን ተቀምጣ ነበርና የሐይቁን ታሪክ አወራችን። ድሮ እዚህ ቦታ ውሃ አልነበረም፣ አገር ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፣ ወደ ፈጣሪ አለቀሰች። ፈጣሪ ተቆጣ፣ አገሩ በሙሉ ውሃ ሆነ፣ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ። ያ መሬት ነው ገዳሙ ያለበት።

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበችና "ቆይ፣ መሬቱ የተረፈው ለሴት ተብሎ ከሆነ እኛ ለምን ደጅ ቀረን?" አለች። እናትየው ሳቀች፣ "እሱን እኔም ጠይቄ አላውቅ የኔ ዓለም" አለችና እንስራዋን አዘለች። ሕጉን አከብራለሁ፣ ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።

ወንድሜ ሲወጣ ምን አየህ ብለው ስለ ዝምታው ብቻ ነው የነገረኝ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ጠበል ይዘውልን መጥተው ነበር።

ምሳ በሶ ነው፣ አሳው ማታ አልቋል። ከሰዓት ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቀን አሥር ሰዓት ላይ፣ ውሃው መልሶ ሊተኛ ሲል፣ ጋሼ "ነይ" አሉኝ። ቁምጣ ለብሰዋል። የሾፌር ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ነው፣ ከዚያ በላይ የሌላ ሰው ክንድ ይመስላል። ውሃው ደረቴ ድረስ በሚደርስበት ቦታ አቆሙኝ።

"ተኚ።"

"የት?"

"ውሃው ላይ ነዋ። ጀርባሽን ስጪው።"

መዳፋቸውን ከወገቤ በታች አደረጉ። እግሬ ወዲያው ሰመጠ፣ ውሃ አፍንጫዬ ገባ፣ ተነስቼ ሳልኩ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ አንገታቸውን የያዝኩ ጊዜ እሳቸውም ሊሰምጡ ነበር። "ያንቺ ነገር ራስሽን ቀና እያደረግሽ ነው። ራስ ሲነሳ እግር ይወርዳል። ጆሮሽ ይግባ። ሰማይ እዪ። ሳንባሽን ሙዪና ያዢው፣ ጎማ ነሽ በቃ፣ አየር ካለሽ አትሰምጪም" አሉ።

ከዚያ ቆም ብለው ራሳቸው ሞከሩት። በጀርባቸው ተኙ፣ ትንሽ ወረዱ፣ ተነሱና ፊታቸውን ጠረጉ። "ይሄ ውሃ ቀላል ነው" አሉ እንደ ቅሬታ። ቀይ ባህር በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፣ ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳል፣ የከበደ ውሃ ደግሞ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። እሳቸው የለመዱት ያን ነው። ሐይቅ መውጫ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይባልም፣ እዚህ ሸክሙን የምትይዘው ራስህ ነህ። "አሰብ ቢሆን አንቺም እስካሁን ተኝተሽ ነበር" አሉኝ ሊያጽናኑኝ።

ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ጆሮዬ ገባ። የበግ ጠባቂዎቹ ሳቅ ጠፋ፣ የጀልባው ሞተር በጣም ከሩቅ እንደ ወፍጮ ይሰማል፣ ከሁሉ በላይ የራሴ ትንፋሽ። ሰማይ ላይ አንድ ዳክዬ አለፈ። ትንፋሼን ሳወጣ ወረድ እላለሁ፣ ስስብ እነሳለሁ። ይሄ ነገር ገርሞኝ ሳየው ቆየሁና የሆነ ነገር ልነግራቸው ዞር ስል ጋሼ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመዋል።

ወዲያው ሰመጥኩ።

ማታ ነፋሱ ከወትሮው በላይ ሆነ፣ ትንሽም ዘነበ። የኛ ድንኳን አንድ ጥጉ አፈሰሰ፣ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዬ ሱብሂ ስትሰግድ ስጋጃዋ እርጥብ ነበር። ሌላ የሚወራ የለም፣ ደክሞን ተኛን።

ሰኞ

ስነሳ ጋሼ የሉም። ድንጋዩ ላይ ሸሚዛቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ላዩ ላይ ሰዓታቸው፣ ከጎኑ ጫማቸው ጎን ለጎን። ደነገጥኩ። ውሃው ላይ ጭስ የሚመስል ነገር ተኝቷል። ከዚያ አየኋቸው፣ ከዳር ብዙም አልራቁም፣ ጎን ለጎን ከዳርቻው ጋር እየዋኙ ነው፣ ቀስ ብለው፣ ቸኩሎ እንደማያውቅ ሰው። ከመነዳሪው በገመድ ወገባቸው ላይ ታስሮ ከኋላቸው እንደ ተሳቢ ይከተላል። ወንድሜን ቀስቅሼ አሳየሁት። ቪዲዮ ልቅረጽ ሲል ተወው አልኩት።

ቆሻሻችንን በማዳበሪያ ሰብስበን ይዘን ወጣን፣ ሌሎች የተዉትን የፕላስቲክ ጠርሙስም ጨመርንበት፣ አልጨረስነውም። የገበሬው ልጅ የድንኳኑ መሄድ ቅር ብሎታል፣ ሁለት ሌሊት ከኛ ጋር ቡና ጠጥቶ ለምዷል። የተጣመሙትን ሦስት ካስማ ለበግ ማሰሪያ እንዲሆኑት ሰጠነው።

መናኸሪያ የቅዳሜው ረዳት ነበር። ከመነዳሪዎቹን አይቶ ፈገግ አለ። ጋሼ ዛሬም አላስተነፈሷቸውም። ሂሳቡን ሳይጠየቁ አውጥተው ሰጡት። ደሴ ለአክስቴ አሳ ጥለን፣ ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን ሲል ውሃ የገባብኝ መስሎኝ ራሴን ሳራግፍ ወንድሜ ሳቀብኝ።

እቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ከራስ እስከ እግራችን አየችን፣ የተላጠ አፍንጫዬን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ "እንዴት ነበር ባህሩ?" አለቻቸው።

ጋሼ ከመነዳሪውን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ።

"ጨው ይጎድለዋል" አሉ።